የዘሃራ ባዶ ቤት

ዘሃራ መሞቷን በስልክ የነገረኝ ልጇ ጀማል ነው። «ብርቄ፣ እማ አረፈች» አለኝ። ከዚያ ደግሞ፣ «ምንጣፍ ካለሽ ይዘሽ ነይ» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ግራ ይገባው ነበር። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ዘሃራ ቤት ለቅሶ ለመጣ ሰው የሚነጠፍ ነገር የለም። አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ ሁለት ሳህን፣ ሁለት ብርጭቆ፤ ይኸው ነው። ስደርስ የጎረቤት ሴቶች ከየቤታቸው ምንጣፍና ትራስ፣ ፔርሙስና ብርጭቆ ተሸክመው እየገቡ ነበር። ለሰፈሩ አዲስ የሆነች አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆማ ግድግዳውን ዙሪያውን ቃኘችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «ሌባ ገብቶባት ነው የሞተችው?» አለችኝ።

«አይደለም። እንዲሁ ነበር የምትኖረው» አልኳት።

ዘሃራን ያወቅኳት ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ ወደ ጅቡቲ ወደብ በዞረበት ዓመት ነው። እኔ ከኮምቦልቻ ሥራ ፍለጋ ጅቡቲ መጥቼ ነበር። እሷ ካርቲዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ነበራት፤ እዚያ ቀጠረችኝ። ረጅም ናት፤ ቀጭን ናት፤ አንገቷ ላይ ሁልጊዜ ሜትር ተንጠልጥሏል። የመጀመሪያው ቀን «እርስዎ» ብዬ ሳናግራት ዞር ብላ ከኋላዋ ሰው ፈለገች።

«ማንን ነው የምታናግሪው? እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። አንቺ በይኝ። አንቱታ ለሬሳ ነው።»

ይኸው ዛሬ ሞታም አንቱ ልላት አልቻልኩም።

አፏ ምላጭ ነበር። ጨርቅ እየዳበሰች የማትገዛ ሴት ካየች፣ «እህቴ፣ ወይ ግዢ ወይ ውጪ። አየሩን እየጨረስሽብን ነው» ትላለች። የሚገርመው ሴቶቹ ይስቃሉ፤ ስቀው ይገዛሉ። እኔ ወባ ይዞኝ የወደቅኩ ጊዜ ራሷ ተሸክማ ታክሲ ውስጥ አስገባችኝ፤ ቤቷ ወስዳ የራሷ አልጋ ላይ አስተኛችኝ። ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችኝ፣ «ብትሞቺ ሬሳሽን ለመላክ ስንት ቢሮ እንደሚያመላልሱኝ ታውቂያለሽ? ዋጪው!» ትለኝ ነበር። ደግነቷም ክፋቷም የሚወጣው በአንድ አፍ ስለነበረ መለየት ያስቸግራል።

ቤቷ ካርቲዬ አራት ነው፤ ሁለት ክፍል፣ አንድ ዕቃ ቤት፣ ትንሽ ግቢ። ባሏ ዩሱፍ ወደብ ውስጥ ለአንድ የትራንዚት ቢሮ ጭነት ቆጣሪ ነበር። እንደሱ ዓይነት ለስላሳ ሰው አይቼ አላውቅም። ድምፁን ለመስማት ጠጋ ማለት ያስፈልጋል። አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ወድቆ ያየውን ነገር ሁሉ ሳያነሳ አያልፍም። ከመርከብ የተጣለ ገመድ፣ ግማሽ የቀረ የቀለም ጣሳ፣ ክንፉ የተሰበረ ቬንቲላተር፣ ውኃ የነካው ብርድ ልብስ፣ ክዳን የሌለው ጀሪካን፤ ወደብ የተፋው ነገር ሁሉ ማታ በዩሱፍ ትከሻ ካርቲዬ አራት ይገባል።

«ይሄ ምን ያደርግልሃል?» ትለዋለች ዘሃራ።

«አንድ ቀን ይፈለጋል።»

«አንድ ቀን ማለት መቼ ነው? ሰኞ ነው? ማክሰኞ ነው? ንገረኝና ሱቅ ዘግቼ ልጠብቀው።»

እሱ ፈገግ ይልና ዕቃውን ይዞ ወደ ጓዳ ይገባል። ዕቃ ቤቱ ሲሞላ ግቢው ተሞላ፤ ግቢው ሲሞላ ዕቃው ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል ገባ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። ትልቋ ሐናን አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጀማል ይከተላታል። ትንሿ ኢክራም ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ኢክራም ሱቅ ስትመጣ የጨርቅ ጥቅል ውስጥ ገብታ ተደብቃ፣ «ብርቄ፣ የለሁም!» እያለች የምትጮህ ልጅ ነበረች።

ዘሃራ ቤቷን ለማጽዳት ያላት ጊዜ ሐሙስ ከሰዓት ብቻ ነበር። ሱቁ በሌላው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይይዛታል። ሐሙስ ሐሙስ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ ሽርጧን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ትነሳና፣ «ዛሬ ወደቡን አፈርሰዋለሁ!» ብላ ትጀምራለች። አንድ ጆንያ ሞልታ ታስጥላለች። በሚቀጥለው ሐሙስ ዩሱፍ ሁለት ጆንያ የሚሞላ አምጥቶ ይጠብቃታል። እንዲህ እያሉ ነበር የሚኖሩት፤ ሲጣሉም ሳቅ አይጠፋም ነበር።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ጥግ ላይ የቆመ አንድ አሮጌ ፍሪጅ ነበር። አንድ ፈረንሳዊ አገሩ ሲገባ የጣለው ነው፤ ሆዱ የተነፋ፣ እጀታው የብረት፣ ሲዘጋ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍና ከውስጥ የማይከፈት ዓይነት። አይሠራም። ዩሱፍ የቀለም ጣሳዎቹን ከትቶበት፣ ልጆች እንዳይከፍቱት ብሎ በመርከብ ገመድ ዙሪያውን አስሮት ነበር።

አንድ ሐሙስ ዘሃራ ተራው የፍሪጁ መሆኑን ነገረችኝ። እኔና እሷ እየገፋን ግቢ አወጣነው። ለጋሪው እንዲቀልል ውስጡን ባዶ ማድረግ ፈለገች። ገመዱን ለመፍታት ሞከረች፤ የዩሱፍ ቋጠሮ እምቢ አላት። «ይሄ ሰውዬ ፍሪጅ ነው ያሰረው ወይስ ግመል?» ብላ ሳቀች፤ የሱቁን ትልቅ መቀስ አወጣችና ገመዱን ቆረጠችው። ጣሳዎቹን አውጥተን በጆንያ ሞላን፤ ፍሪጁን ጥላ ሥር አቆምነው። ጋሪ ነጂው ዓርብ ጠዋት እመጣለሁ አለ።

ዓርብ ጠዋት ጋሪው አልመጣም። ዘሃራ ከዱባይ የመጣ ጨርቅ ስለነበራት መቆየት አልቻለችም። «ሐናን፣ ሩዙን ቀቅዪ፤ ልጆቹን ደግሞ ተመልከቺ» ብላ ይዛኝ ወጣች። ዩሱፍ ወደብ ነበር።

ከሰዓት ስንመለስ ጋሪ ነጂውና ረዳቱ በር ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ሐናን ኢክራም ከጎረቤት ልጆች ጋር እንደሆነች ነገረችን። ድብብቆሽ ሲጫወቱ ነበር፤ ከዚያ ልጆቹ ወደ የቤታቸው ሲሄዱ አብራ የሄደች መሰላት። ዘሃራ፣ «እሺ፤ ይሄን ነገር ከፊቴ አንሱልኝ» አለች፤ ሰዎቹ ፍሪጁን በሁለት ወገን ያዙት። ብድግ አደረጉት። ጋሪ ነጂው መልሶ አስቀመጠውና ላቡን ጠረገ።

«እናቴ፣ ባዶ ነው ብለሽ አልነበረም እንዴ?» አላት።

ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አልችልም። የፍሪጁን በር የከፈተችው ዘሃራ ነች። ጩኸቷን ግን አልሰማሁም፤ አልጮኸችም። ኢክራምን አንስታ ደረቷ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ከዚያ ቀና ብላ ሐናንን አየቻት። «አንቺ የት ነበርሽ?» አለቻት። ሐናን እጇ ላይ ማማሰያ ይዛ ቆማ ነበር።

ዩሱፍ ሰው ጠርቶት መጣ። ልጁን አየ፤ ፍሪጁን አየ። አጠገቡ መሬት ላይ የወደቀውን ገመድ አነሳና የተቆረጠበትን ጫፍ በጣቱ ዳሰሰው። መልሶ ወደ መሬት ጣለው። ማየቱን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

በለቅሶው ሰው በሞላበት፣ ሼኩ ዱዓ አድርገው ዝም እንዳሉ፣ ዘሃራ ከሴቶቹ ክፍል ወጥታ ወንዶቹ የተቀመጡበት መጣች።

«ሁላችሁም እዩት» አለች። «ቆሻሻ ሰብስቦ ሰብስቦ ልጄን ያስበላ ሰው ይኸውላችሁ።»

ዩሱፍ አንገቱን ደፋ። ሰው ሁሉ ይናገራል ብሎ ጠበቀው። አንዲት ቃል አልወጣውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰፈሩ ውስጥ ዩሱፍ ልጁን በዕቃ የገደለ ሰው ሆነ።

ለቀስተኛው ሲበተን ዘሃራ ጽዳቱን ጀመረች። ሐሙስን አልጠበቀችም። የዩሱፍን ዕቃ በሙሉ ራሱን እያሸከመች እስከ ቆሻሻ መጣያው አመላለሰችው። ያ ሲያልቅ ወደ ኢክራም ልብሶች ዞረች። ዩሱፍ ጆንያው አፍ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ይቺን የዒድ ቀሚሷን ብቻ ተዪልኝ።»

«ለምን? ልትለብሳት ነው?»

ቀሚሷንም ከተተቻት። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት የቤት ማጽዳት ይባላሉ ወይስ ሌላ ነገር፣ እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁላቸውም። ከሱቅ እንደገባች፣ ውኃ እንኳ ሳትጠጣ፣ በየክፍሉ ትዞራለች። ፍራሽ ሥር ትዳብሳለች፤ የጀማልን ቦርሳ ትገለብጣለች። «ይሄን ዛሬ ነክተኸዋል? ካልነካኸው አይወድህም» ትላለች፤ ዕቃው ይሄዳል። ወንበሮቹ ሄዱ። መጋረጃው ሄደ። መስታወቱ ሄደ። የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ሄደ። ሐናን ትምህርት ቤት ጠልፋ አንደኛ የወጣችበት የትራስ ልብስ ነበራት፤ በተማሪዎቹ ፊት ተጨብጭቦላት ነበር። ቅዳሜ አመጣችው፣ እሁድ አልነበረም። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ እናቷ ፊት ማልቀስ ካቆመች ቆይታለች።

ለዩሱፍ ደግሞ የተለየ ነገር ነበራት። ማታ ከወደብ ሲመጣ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች። «ዛሬስ ማንን ልትገድል ምን ይዘህ መጣህ?» ትለዋለች፤ ልጆቹ እየሰሙ። እሱ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ ያሳያታል። መንገድ ስትለቅለት ይገባል። አንድ ቀን ጎረቤት በስጦታ የላከላቸውን ሐብሐብ ይዞ ቢመጣ፣ ሐብሐቡን ተቀብላ ደጅ ፈጠፈጠችው።

አንድ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ብቻችንን ሆነን፣ «ዘሃራ፣ በዩሱፍ ላይ በዛ» አልኳት። ጨርቅ እየቆረጠች ነበር። መቀሱ ቆመ።

«ምን ልትይ ነው?» አለችኝ፤ ቀና ሳትል።

«ምንም። በዛ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ከጨረስሽ ያንን የሽቲ ጨርቅ አጣጥፊው።»

ገመዱን ስትቆርጥ አጠገቧ መኖሬን እሷም አልረሳችም። ከዚያ ወዲህ ቤቷ ስሄድ ከዩሱፍ ጋር ብቻዬን ትታኝ ከክፍል አትወጣም ነበር፤ ኩሽና መሄድ ካለባት እኔንም ጠርታ ነው። እንድታባርረኝ ጠበቅኩ፤ አላባረረችኝም። የሱቁን ቁልፍ ሰጠችኝ። ባየችኝ ቁጥር ያንን ቀን እንደምታይ አውቃለሁ። ሰው በገዛ እጁ እሾህ ጫማው ውስጥ አስቀምጦ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ እንደዚያ ነበር የምትሄደው።

ሐናን አድጋ ሲያጯት የልጁ እናት አርሂባ ከሚባለው ሰፈር ቡና ይዘው መጡ። ደግ ሴት ነበሩ። ዘሃራ ሻይ ቀዳችላቸው፣ በሁለቱ ብርጭቆ፤ ከዚያ ሐናን በተቀመጠችበት፣ «ልጄ ባለሙያ ናት፤ ምግብ ትችላለች» አለች። ሴትዮዋ ደስ አላቸው። «ልጅ ግን አትስጧት» አለች ዘሃራ፤ «አትጠብቅም።»

ሴትዮዋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። ሐናን ተነስታ ወጣች፤ ግቢው ውስጥ፣ ያ ፍሪጅ ቆሞበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ተከትያት ሄድኩ። «እውነቷን ነው እኮ» አለችኝ። «ሩዙ እንዳያርብኝ ብዬ ነው ያልወጣሁት።» ያን ቀን ገመዱን ልነግራት ነበር፤ ዘሃራ ከውስጥ ጠራችኝ። ጋብቻው ግን አልቀረም። ሴትዮዋ ልጅቷን ከዚያ ቤት ማውጣት ፈለጉ መሰለኝ፤ አፋጠኑት።

የዩሱፍ የስኳር በሽታ የከፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ አንድ እግሩ ተቆረጠ። ወደብ አሰናበተው። ቀኑን ሙሉ ባዶው ክፍል ውስጥ ፍራሹ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ያያል። ዘሃራ አንድ ቀን ልጆቿን ሰበሰበችና ድሬዳዋ እህቱ ዘንድ እንደሚሄድ ነገረቻቸው።

«እዚህ ማን ያነሳዋል? እኔ ሱቅ ነኝ።»

«እኔ አነሳዋለሁ፤ አርሂባ እወስደዋለሁ» አለች ሐናን።

«የሰው ቤት ውስጥ ነው ያለሽው።»

«እማ፣ አባ ዕቃ አይደለም!»

ይሄን ያለው ጀማል ነው። ዘሃራ ልትመልስለት ስትል ዩሱፍ እጁን አነሳ። «እሄዳለሁ» አለ። «ተዉዋት። እሄዳለሁ።»

የድሬ ባቡር ያኔ ጨርሶ ሊቆም የተቃረበበት ጊዜ ነው፤ ይሂድ አይሂድ እስከ መጨረሻው ሰዓት አይታወቅም። ጠዋት ጣቢያው በኮንትሮባንድ ሴቶች ተሞልቶ ነበር፤ ጥቅል እየወረወሩ፣ እየተሰዳደቡ ይሳፈራሉ። እኔና ጀማል ዩሱፍን ደግፈን አስገባነው፤ መስኮት አጠገብ አስቀመጥነው። ሐናን የምግብ ዕቃና ውኃ አቀበለችው። ዘሃራ ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። መጣች። መስኮቱ ሥር ቆመች፤ ብዙ ቆየች። ሜትሩ እንኳ አንገቷ ላይ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሱቅ ልትሄድ ነው።

«ዩሱፍ» አለች።

አየት አደረጋት።

«ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሐናንም ጀማልም አጠገቧ ነበሩ። ምን እንደምታወራ አልገባቸውም። ዩሱፍ ግን አልደነገጠም።

«አውቃለሁ» አላት። «ያኔውኑ አይቼዋለሁ።»

ዘሃራ የመስኮቱን ጠርዝ ያዘች። እንደዚያ ያለ ፊቷን በዚያ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። «ታዲያ ለምን ዝም አልክ? ሰው ፊት ሳዋርድህ፣ በር ላይ ሳስቆምህ፣ ለምን አንዲት ቃል አልተናገርክም?»

ዩሱፍ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ለመስማት ጠጋ ማለት ነበረብን።

«ብናገር ኖሮ ታለቅሺ ነበር። ሰው ተሰብስቦ ያባብልሽ ነበር። ከዚያ ይቀልልሽ ነበር» አለ። «እንዲቀልልሽ አልፈለግኩም።»

ያ ለስላሳ ሰው ነው ይሄን ያለው። መዳፉን ዘርግቶ በር ላይ ሲቆም ሁላችንም ምንኛ አዝነንለት ነበር። ለካ በየማታው እሱም እየቀጣት ነበር የሚገባው።

ሐናን ከአንዱ ወደ ሌላው ታያለች። «የምን ገመድ ነው?» አለች። ወደኔ ዞረች። «ብርቄ፣ የምን ገመድ ነው?»

ነገርኳት። ፍሪጁ ታስሮ እንደነበር፣ ሐሙስ ከሰዓት እናቷ እንደቆረጠችው፣ አባቷ እንዳየው። በአጭሩ ነው የነገርኳት፤ ባቡሩ ማፏጨት ጀምሮ ነበር። ሰምታ ስትጨርስ አልጮኸችም፤ እናቷ ያን ቀን እንዳልጮኸችው።

«እኔስ?» አለች። «እናንተ ሁለታችሁ ስትቀጣጡ፣ እኔን ምን አደረጋችሁኝ? እኔ እኮ ነበርኩ የገደልኳት! እስከ ዛሬ እኔ ነበርኩ!»

ዩሱፍ አፉን ከፈተ። ይሄን አስቦት እንደማያውቅ ፊቱ ላይ ታየኝ፤ ወላሂ አስቦት አያውቅም። እጁን በመስኮቱ አወጣ፣ ሐናን አልያዘችውም። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። ዘሃራ ወደ ሐናን ጠጋ ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሐናን የእናቷን ጣቶች አንድ በአንድ ከክንዷ ላይ አላቀቀችና በእግሯ ወደ አርሂባ ሄደች።

ዩሱፍ ድሬ በገባ በዓመቱ ሞተ። ሐናን ሄዳ ቀበረችው። ዘሃራ አልሄደችም፤ የሚለቀስበት ምንጣፍ እንኳ አላነጠፈችም። ጽዳቷንም አላቆመችም፤ አሁን ግን የቀራት የራሷ ዕቃ ብቻ ነበር፣ እሱንም አራገፈችው። ሐናን ሴት ልጅ ወለደች፣ አያቷ ሳታያት አደገች። ዘሃራ አንዳንድ ዓርብ አርሂባ ድረስ ሄዳ ከሕንፃው ማዶ ቆማ ትመለሳለች። ይሄን የነገረችኝ እሷ አይደለችም፤ ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ናቸው የነገሩኝ። «ግቢ» የሚላት አልነበረም፤ «ልግባ» ብላ አልጠየቀችም።

ስትሞት ሐናን መጣች። እናቷን ከሴቶቹ ጋር አጥባ ገነዘች። ከቀብር መልስ በተዋስነው ምንጣፍ ላይ ልጇን አቅፋ ተቀመጠች። ቤቱ ሞልቷል። ፋጢማ የምትባል የድሮ ጎረቤት ሟቿን ማወደስ ጀመረች። ጠንካራ ነጋዴ እንደነበረች፣ ልጆቿን ብቻዋን እንዳሳደገች ተናገረች። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች።

«ምን ያልቻለችው ነገር አለ! ያ ቆሻሻ ሰብሳቢ ባሏ ልጇን ገድሎባት እንኳ ችላ ኖረች።»

«አባቴ አይደለም» አለች ሐናን።

ሴቶቹ ዞሩ።

«አባቴ አስሮት ነበር። ገመዱን ቆርጣ ፍሪጁን ግቢ ያቆመችው እናቴ ናት። አባቴ እያወቀ ዝም አለ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ኩሽና ሆኜ ሩዝ እቀቅል ነበር።» ድምፅዋ የአባቷ ነበር፣ ዝግ ያለ፤ ግን ሁሉም ሰማት።

ብርጭቆ የያዙት እንደያዙ ቀሩ። ፋጢማ ሻሿን ወደ አፏ ሰበሰበች።

«ልጄ፣ አላህን ፍሪ! በእናትሽ ለቅሶ ላይ ይሄ ይነገራል?»

ሐናን የልጇን ፀጉር እያስተካከለች፣ «ሌላ ቀን ሁላችሁንም አንድ ላይ የት አገኛችኋለሁ?» አለቻት።